የጋሼ ብሩኬ ማጣሪያ

አባቴ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ይሄድ ነበር፤ መኪናው ግን እንደቆሸሸ ይመለሳል።

ይሄ ነገር ያበግነኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከቤታችን፣ ከለቡ መብራት ኃይል፣ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ አቧራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የምትታጠብ ኮሮላ የሰኞን ጭቃ እስከ እሑድ ይዛ መቆየት የለባትም። እናቴ ሸዋረገድ ቤት ለሚመጣው ሁሉ «ወጋየሁ እጥበት ሄዷል» ትላለች፤ ሰዎቹም «አይዞሽ» ይሏታል። መኪና ለማሳጠብ አይዞሽ ምን አመጣው? አንድ ሐሙስ ጠዋት የኋላ መስታወቱ አቧራ ላይ በጣቴ «እጠቡኝ» ብዬ ጻፍኩ። ከሰዓት አባዬ ሲመለስ ጽሑፌ አንድ ፊደል ሳይነካ እንዳለ ነው።

«አባዬ፣ አጣቢዎቹ እያታለሉህ ነው» አልኩት።

ቆም ብሎ መስታወቱን አየው። ፊቱ አብጧል፣ ከንፈሩ ደርቋል።

«እውነትሽን ነው ዝማሬ። ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ» አለኝና ገብቶ ተኛ።

የሚታጠበው መኪናው ሳይሆን ደሙ እንደነበር ያወቅኩት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። የአባቴ ሁለቱም ኩላሊቶች ቆመው ነበር። በማሽን ነው የሚኖረው፤ አንድ ኩላሊት የሚሰጠው የሥጋ ዘመድ ካልተገኘ ብዙ እንደማይቆይ ከእኔ በቀር ቤቱ በሙሉ ያውቃል። «ለዝማሬ እንዳትነግሯት» ብሎ ያስማላቸው ራሱ ነው። አልፈርድበትም። ቢያንስ አንድ ሰው እንደ ጤነኛ እንዲያየው ፈልጎ ይመስለኛል።

እኔ ያኔ ዓይኔም ልቤም ዓሦቹ ላይ ነበር።

ሳሎናችን ውስጥ ሶፋ የለንም። ሰው ሶፋ የሚያስቀምጥበትን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ የያዘው የዓሣ ገንዳው ነው፤ ሁለት ሜትር ተኩል መስታወት፣ በብረት እግር ላይ የቆመ። እንግዳ ሲመጣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጥና ሊናገር የመጣውን ጉዳይ ይረሳል። ወተት የሚሸጡልን ኦቦ ሂርጳ፣ ሰፈሩ ቤት ሳይሆን ጤፍ በነበረበት ጊዜ መሬቱን ሲያርሱ የኖሩ ሰው፣ መጀመሪያ የገቡ ቀን ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙት። ከዚያ በቀስታ፣ «ይኼ ሁሉ አብሮ ሲኖር አይጣላም?» ብለው ጠየቁ።

አባዬ የሚወደው ጥያቄ ይሄ ነው። «ኅብረት ነው ኦቦ ሂርጳ» ይላል። «ሕጉ አንድ ነው። አንዱ ሌላው አፍ ውስጥ የሚገባ መሆን የለበትም።»

አባዬና ታናሽ ወንድሙ ጋሼ ብሩኬ አርባ ምንጭ፣ ሐይቅ አጠገብ ያደጉ ናቸው። ገንዳውን አብረው ነው ያሠሩት። ዓሦቹን ውጭ አገር የሚመላለስ ወዳጃቸው በውሃ በተሞላ ፌስታል ሲያመጣላቸው አውራ ጣት ያክሉ ነበር አሉ። እኔ ግን የማውቃቸው ትልልቅ ሆነው ነው። ላይ ላዩን ሳይቸኩል የሚመላለሰው፣ ክንዴን የሚያህለው፣ ቅርፊቱ እንደ አዲስ ቆርቆሮ የሚያበራው አሮዋና ነው፤ አገጩ ላይ ባሉት ሁለት ጢሞች የተነሳ «ሽማግሌው» እንለዋለን። መሃል ላይ ባልና ሚስቱ ኦስካሮች፣ ጥቁር ላይ ብርቱካን የተረጨባቸው፣ ሰው ሲገባ ዞር ብለው የሚያዩ። ከነሱ በታች ፓኩ፣ ሰፊና ዝም ያለ፣ አፉን ሲከፍት የሰው ጥርስ ያለው። እውነቴን ነው፣ የሰው ጥርስ። ታች አሸዋው ላይ ደግሞ ድሮ ቀይ ጅራት ያለው አምባዛ ይተኛ ነበር፤ የጋሼ ብሩኬ ነው፣ ስሙም «አንበሪ»።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በምዕራቡ መስኮት ስትገባ ውሃው ውስጥ ታልፍና ጣሪያችን ላይ ትንቀጠቀጣለች። ያኔ ወለሉ ላይ በጀርባዬ እተኛለሁ። የሽማግሌው ጥላ ጣሪያው ላይ ያልፋል፣ ከዚያ በእናቴ ፊት ላይ፣ ከዚያ በእኔ ሆድ ላይ። ቸርች ውስጥ ሰዎች እጃቸውን አንስተው የሚያለቅሱበትን ነገር እኔ እዚያ ወለል ላይ ነበር የማገኘው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ኃጢአት ይመስለኝ ነበር።

አንበሪ ከእኛ ቤት የወጣው ኅብረቱን ስላፈረሰ ነው። ማንም ሳያስተውለው አፉ ሰፍቶ ኖሮ አንድ እሑድ ሦስተኛውን፣ ትንሹን ኦስካር ዋጠው። አባዬ ተናደደ፣ ጋሼ ብሩኬ ሳቀ። እኔ ግን አልደነገጥኩም። ሰንደይ ስኩል አስተማሪያችን ነቢዩን የዋጠው ትልቅ ዓሣ በሦስተኛው ቀን መልሶ እንደተፋው ነግራናለች፤ ስለዚህ ወንበር ስቤ መጠበቅ ጀመርኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር እቀመጣለሁ። በሦስተኛው ቀን አንበሪ አፉን በሰፊው ሲከፍት ወደ መስታወቱ ተጠጋሁ። አዛጋና ዘጋው። በሳምንቱ ጋሼ ብሩኬ በትልቅ በርሜል አድርጎ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ወዳለው ቤቱ ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ እሱም እኛ ቤት መምጣት ተወ።

በዓሣ ምክንያት የተጣሉ መሰለኝ። ዓሣው ምንም የለበትም። በዚያው ሳምንት ነው እናቴ ጋሼን ወንድምህን አድነው ያለችው፤ ተመረመረ፣ ይሆናል ተባለ፣ ላስብበት ብሎ ወጣ። አራት ወር አሰበ። ስልክም አያነሳም።

በእነዚያ አራት ወራት ለአባዬ የነበረኝ አድናቆት ልክ አልነበረውም። ለዓሦቹ ሲል ውሃ መጠጣት ትቷል ብዬ አስብ ነበር። ለቡ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ በርሜሎቹን እንሞላለን፣ የውሃው መድኃኒት እስኪጠፋ ሁለት ቀን እናሳድረዋለን፣ ከዚያ ወደ ገንዳው። አባዬ ያን ሁሉ ውሃ እያየ በቀን የሚጠጣው በአንዲት የሻይ ብርጭቆ ለክቶ ነው። አፉ ሲደርቅበት የበረዶ ቁራጭ ይመጥጣል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ገንዳው ያዞራል። ሙዝም እንደዚያው። ከአርባ ምንጭ ዘመድ ሙዝ ይዞ ሲመጣ አባዬ አንዱን ይልጣል፣ ወደ አፍንጫው ያስጠጋዋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸተዋል፤ ከዚያ ቆራርጦ ለፓኩ ይሰጠዋል። ፓኩም በዚያ የሰው ጥርሱ ሳይቸኩል ይበላል። አባዬ እስኪጨርስ ቆሞ ያየዋል።

«ለራስህስ?» እለዋለሁ።

«እሱ ይብላልኝ» ይላል።

ዛሬ ውሃውም ሙዙም በሐኪም የተከለከሉት እንደነበሩ አውቃለሁ። ያኔ ግን በዓለም ላይ እንደ አባቴ ዓሣ የሚወድ ሰው የለም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ነገር በአንዲት ቃል የተነሳ ነው። ሐኪሙ ለአባዬ በሽታውን ሲያስረዳው «ኩላሊት ማለት የሰው ማጣሪያ ነው» ብሎት ነበር። ዓሣ ለሚያረባ ሰው ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለም። አባዬ ቃሉን ወደደው፤ ቤት ውስጥም እኔ እንዳልሰማ ሁሉም ማጣሪያ ማለት ጀመረ። ችግሩ ግን ገንዳችንም በግራና በቀኙ ሁለት ማጣሪያ አለው። አንዱ መብራት ድንገት ሄዶ ሲመጣ ተቃጥሎ ነበር። ሁለተኛው አንድ ዓርብ ከሰዓት እኔ ወለሉ ላይ ተኝቼ እያለ ሁለት ጊዜ አጉረመረመና ዝም አለ። ያ ሌት ተቀን የማይቋረጥ ድምፅ ሲቆም ቤቱ የሰው ቤት መሰለኝ። ልነግራት ወደ ኩሽና ስሮጥ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ በስልክ ታወራለች።

«ሁለቱም አልቆላቸዋል አሉ» ትላለች። «አዎ፣ ሁለቱም ማጣሪያዎች … ብሩኬማ ሁለት ጤነኛ አለው። ታይቶ ይገጥማል ተብሏል እኮ። ባለሙያዎቹ አንዱ ይበቃዋል እያሉ … አልመጣም። ሌላ ማን አለን? በዚህ ከቀጠለ ክረምቱንም አይዘልቅም።»

ሽማግሌው፣ ፓኩ፣ ባልና ሚስቱ ክረምቱን አይዘልቁም። ጋሼ ብሩኬ ደግሞ ሁለት ማጣሪያ እያለው፣ ታይቶ ይገጥማል እየተባለ፣ በአንድ የተዋጠ ኦስካር ቂም ይዞ ጀሞ ተቀምጧል። ለእናቴ ምንም አላልኳትም። እስኪመሽ ድረስ ወንበር ላይ ቆሜ በጆግ ውሃ እየቀዳሁ ከላይ መልሼ አፈሰስኩ፤ አየር እንዲያገኙ እንዲህ እንደሚደረግ አባዬ አስተምሮኛል። ዓሦቹ ከጆጉ ሥር ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። እናቴ መጥታ አየችኝ፤ ሌላ ጆግ አመጣችና አጠገቤ ቆመች።

ቅዳሜ ጠዋት እሷና አባዬ እጥበት ሲሄዱ ለሶሬቲ ነው የሚተዉኝ። ሶሬቲ የኦቦ ሂርጳ ምራት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጀሞ ኮንዶሚኒየም ደንበኞቿ ወተት ታደርሳለች።

«ሶሬቲዬ፣ ጋሼ ብሩኬ ጋ ውሰጂኝ።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ሰላም ልለው ነው።»

ሶሬቲ ትንሽ አየችኝ። «እስቲ ነይ» አለች። ታክሲው ውስጥ የወተቱን ጄሪካን በሁለት እግሯ መሃል ያዘችው፣ እኔን ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ። መንገዱን በሙሉ የምናገረውን በልቤ አጠናሁ።

ጋሼ ብሩኬ አራተኛ ፎቅ ነው። በሩን የከፈተው አንድ እግሩ ላይ ጫማ አድርጎ፣ አንዱን በእጁ ይዞ ነው። ከበሩ ጀርባ ትልቅ ሻንጣ ቆሟል። የቸርች ጉባኤ ሊሄድ ነው አልኩ በልቤ። እኔን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አባትሽ …?»

«እጥበት ሄዷል።»

ትንፋሹን ለቀቀ። ሶሬቲ «እዚህ ታች ቤት ወተት ሰጥቼ እመጣለሁ» ብላ ወረደች። እኔ ገባሁ። ከሁሉ በፊት አንበሪን ነው ያየሁት። ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፤ ጀርባው እንደ በር ሰፍቷል፣ ጅራቱ ቀይ ነው። በግራና በቀኙ ሁለት ማጣሪያ ሽሽሽ ይላሉ። ደስ አለኝም ተናደድኩም።

«ተፋው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ኦስካሩን።»

«አልተፋውም ዝማሬ» አለ። «ማን ላከሽ? እናትሽ ናት?»

«ማንም አልላከኝም። ጋሼ፣ ማጣሪያ እንድትሰጠኝ ነው የመጣሁት። የአባዬ ሁለቱም ቆመዋል። ክረምቱን አይዘልቅም ተብሏል። አንተ ሁለት አለህ፤ ታይቶ ይገጥማል። አንዱ ይበቃሃል።»

ጫማውን እንደያዘ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ሁለቱን ማጣሪያዎች ተራ በተራ አየ።

«አንዱ ይበቃሃል ያለሽ ማን ነው?»

«ባለሙያዎቹ።»

«እኔ እኮ መንቀሉን ፈርቼ ነው» አለ። አንድ ትልቅ ሰው ሶኬት ሲፈራ አይቼ አላውቅም፤ አሳዘነኝ። ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ ሲነቅል አይቼዋለሁ» አልኩት። «አያስፈራም። መጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያውን ታጠፋዋለህ። ከዚያ ቶሎ መንቀል ነው። ውሃ ብቻ ነው የሚፈሰው።»

«ውሃ ብቻ?»

«ውሃ ብቻ። በጨርቅ ይጠረጋል።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀሳቀሳል። አሁንም የሚስቅ መስሎኝ እኔም አብሬው ሳቅኩ። ሶሬቲ በሩ ላይ ቆማ አየችን፤ ጄሪካኑን አስቀምጣ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

ጋሼ ተነሳ። ማብሪያ ማጥፊያውን አጠፋ፣ የቀኙን ማጣሪያ ነቀለ፣ መታጠቢያ ቤት ወስዶ ውሃውን ደፋ፣ በሁለት ፌስታል ጠቀለለው። ወለሉ ላይ የፈሰሰውን እኔ ጠረግኩ። ሻንጣውን እዚያው ትቶ ሁለተኛ ጫማውን አደረገና አብረን ወረድን።

አባዬና እናቴ ሲመለሱ ጋሼ ሳሎን፣ ገንዳው ፊት ቆሟል፤ ማጣሪያው ጠረጴዛው ላይ ነው። አባዬ በሩን ተደግፎ ቀረ።

«ልጅህ መጥታ ማጣሪያ ጠየቀችኝ» አለ ጋሼ። «እሰጥሃለሁ።»

«የትኛውን?» አለ አባዬ።

«የምትፈልገውን።»

ግራ ገባኝ፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው አንድ ነው። እናቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ግንባሯን የገንዳው ብረት እግር ላይ አደረገችና «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» ትል ጀመር። ለአንድ ማጣሪያ ይሄ ሁሉ መሆኑ በዝቶብኝ ነበር፤ ግን ኮራሁም። አባዬና ጋሼ እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን እስከ ብብታቸው ውሃው ውስጥ ከትተው ቱቦውን ሲገጥሙ ሽማግሌው በሁለቱ ወንድማማቾች ክንድ መካከል በቀስታ አለፈ። ማንንም አልነካም። ከዚያ ማጣሪያው አጉረመረመ፣ የውሃ አረፋ እንደ ጤፍ ፈሰሰ፣ ፓኩ ወደ አረፋው ሄዶ ቆመ። እንደዚያ ቀን ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ከአንድ ወር በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች ዓሣ ሊያመጡ አርባ ምንጭ ሄደዋል ተባልኩ። እናቴም ቀን ቀን የምትጠፋበት ጉዳይ ነበራት። ሶሬቲ እኔ ጋ ታድራለች፣ እኔ ዓሦቹን አበላለሁ። ሦስት ቀን ቆጠርኩ፤ አልመጡም። በሦስተኛው ሳምንት መጡ፤ ሁለቱም ከስተው፣ አባዬ አፍንጫና አፉን በማስክ ሸፍኖ፣ ጋሼ ጎኑን ይዞ ቀስ እያለ። በእጃቸው አንዲት ዓሣ የለችም።

«ዓሣው የታለ?» አልኩ።

«አመለጠን» አለ ጋሼ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሄደው አንድ ዓሣ አለመያዛቸው አሳፈረኝ። አባዬ ግን ማፈሩን ትቶ ጆጉን አነሳ፤ ያንን ዓሦቹን አየር ያጠጣሁበትን ጆግ። እናቴ ደህና አድርጋ አጠበችው፣ ተፈልቶ ከቀዘቀዘው ውሃም ሞላችለት። ማስኩን ዝቅ አድርጎ፣ ገንዳው ፊት እንደቆመ፣ ሳያቋርጥ ጠጣ። ውሃው በአገጩ ወርዶ ሸሚዙን አራሰው። ጨርሶ ተነፈሰ፤ ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ። ከዚያ ሙዝ ለመነ። ፓኩ ሙዙ ሲላጥ ሲያይ ወደ መስታወቱ መጥቶ እንደልማዱ ጥርሱን አሳየ። አባዬም ሙዙን ሁሉንም፣ አንድ ሳያስቀር፣ ራሱ በላው። ፓኩ አሳዘነኝ። አባቴ ዓሣ መውደድ የተወ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ እጁን ገንዳው ውስጥ አስገብቶ አያውቅም። በሰው ኩላሊት ለሚኖር ሰው የዓሣ ውሃ እንደማይፈቀድ ማን ይንገረኝ? ኮርቶ ነው እል ነበር። ውሃውን መቀየር የጋሼ ብሩኬ ሥራ ሆነ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጀሞ ይመጣል።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ፣ አንድ ቅዳሜ ባልዲ ሲያነሳ ሸሚዙ ወደ ላይ ተሰበሰበና ከጎኑ ወደ ሆዱ የሚሄድ ረጅም ጠባሳ አየሁ።

«ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው?»

ጋሼ ወደ አባዬ ዞረ። አባዬ ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ሙዝ እየበላ ነበር። «ንገራት፤ አድጋለች» አለ።

«ማጣሪያው የተነቀለበት ነው» አለኝ ጋሼ።

እጥበቱ፣ የሻይ ብርጭቆው፣ ሙዙ፣ እናቴ ብረቱን ታቅፋ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞረው አዩኝ። ድሮ የምተኛበት ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

«ሻንጣውስ?» አልኩት።

«ሐዋሳ ልሄድ ነበር። ጠፍቼ ልቀር። በር ስታንኳኪ ጫማዬን እያደረግኩ ነበር።»

«እኔ እኮ ስለ ገንዳው ነበር የማወራው ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ያኔውኑ ነው የገባኝ። ሌላው ሁሉ እያለቀሰ ነው የለመነኝ፤ እነሱ ባለቀሱ ቁጥር እኔ ፍርሃቴ ይብሳል። አንቺ እንደ ዕቃ ጠየቅሽኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰጥ ነገር መሰለኝ።» ባልዲውን አስቀመጠና ጠባሳውን በሸሚዙ ሸፈነ። «ዋሽተሽኛል ግን።»

«ምን ብዬ?»

«ውሃ ብቻ ነው የሚፈሰው ብለሽኝ ነበር።»

አባዬ መሳቅ ጀመረ። ጋሼ ቱቦውን አቀበለኝ፤ በርሜሉ ሊሞላ ነበርና አጥብቄ ያዝኩት።